የበሩ ስፋት

ዌይን ላህቲ ሰኞ ከጣሪያ ወደቀ፣
ፋይሉ ማክሰኞ ጠረጴዛዬን አጨናነቀ።

ዕድሜ፦ አርባ አንድ። ሙያ፦ ጣሪያ ሠሪ።
ቦታ፦ ዱሉት፣ ወደቡ ዳር፣ የእህል መጋዘን።
ሲወድቅ ይሠራው የነበረ፦ በረዶ መጥረግ።
የተጎዳ አካል፦
ለዚህች ጥያቄ ቅጹ የተወልኝ ቦታ የአውራ ጣቴን ያህል ነው።
"አንገት" ብዬ ጻፍሁ። ሞላ።

የመሥሪያ ቤቴ ደንብ እንዲህ ይላል፦
ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሦስት ሰው ደውዪ፣
ለተጎጂው፣ ለአሠሪው፣ ለሐኪሙ፤
ከዚያ እስኪሞት የሚፈጀውን ገንዘብ
ዛሬውኑ ገምተሽ አስቀምጪ።

ለዚህ ለግምቱ ሠንጠረዥ አለኝ፣
የሰው ቀሪ ዕድሜ በነጥብ የሚነግረኝ።
ጤነኛ ቢሆን ሠላሳ ስምንት ዓመት፤
እንዲህ ሆኖ ግን ሃያ ሁለት ነጥብ አራት።
ፈጣሪ ለራሱ የሸሸገውን ቀን
እኔ በእርሳስ ጽፌ አባዛበታለሁ የሽንት ቱቦ ዋጋን።

የአልጋ ቁስል አንዴ ከወጣ ሰማንያ ሺህ ዶላር ነው፤
አየር የሚነፋ ፍራሽ ከዚያ ይረክሳል።
ፍራሹን ፈቀድሁ። አለቃዬ "ጎበዝ" አለኝ።
ደግነትና ቁጠባ አንዳንዴ በአንድ በር ይገባሉ፤
የቱ እንደ ቀደመ አልጠየቅሁም።

በሚያዝያ ቤቱን ልለካ ሄድሁ።
ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ ከታች ሐይቁ ገና ግማሹ አልሟሟም።
ሚስቱ አርሊን ከፈተችልኝ፤ "ነርሷ ነሽ?"
"ከኢንሹራንሱ ነኝ" ስላት
እጇ የበሩ እጀታ ላይ ቆሞ ቀረ።
ቆይታ፣ "ጫማሽን አውልቂ" አለችኝ።

ሜትሬን ዘረጋሁ፣ ከመቃን እስከ መቃን።
"ሠላሳ ኢንች" አልሁ፤ ጻፍሁ።
ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ፦ "ተሳስተሻል።
በሩ ሲከፈት የት ይሄዳል? ሰማይ?
ውፍረቱ እኮ መንገዱ ላይ ይቆማል።
ከፍተሽ ለኪ።"

ከፍቼ ለካሁ። ሃያ ስምንት ሩብ ጉዳይ።
ያዘዝሁለት ወንበር ሃያ ስምንት ነው።
በሩብ ኢንች ምክንያት ሰውዬው ዕድሜውን
መኝታ ቤት ሊጨርስ ነበር፣ በእኔ ፊርማ።

"አሥር ዓመት በር ገጥሜያለሁ" አለ፤
"ጣሪያ የወጣሁት ጣሪያ ስለሚከፍል ነው።"
ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ
እንደ ታጠፈ የእንጨት ሜትር ተኝተዋል።

ልወጣ ስል፣ "ወደ ጋራዡም መንገድ ሥሪልኝ።"
"ምን ልታደርግበት?"
"ልጄ መሮ አያያዝ አታውቅም።
አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልጩህባት።"

ለመጮህ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።
"ለሕክምና አስፈላጊ" የሚለው አይመጥነውም።
"ወደ ሥራ መመለሻ" በሚለው ሥር
"የአናጢነት አሠልጣኝ፣ ተማሪ ብዛት አንድ" ብዬ ሞላሁ።
አለቃዬ ሦስት ጊዜ መለሰው።
በአራተኛው፣ እጁ ሰለቸው መሰለኝ፣ ፈረመ።

እኛ ዘንድ የሚመሰገን የዘጋ ነው።
የተሰበረ ጣት ይዘጋል፣ የተቃጠለ ክንድ ይዘጋል፤
የዓመቱ መጨረሻ ላይ የዘጉ ሰዎች ኬክ ይቆርሳሉ።
የዌይን ዓይነቱ የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው፤
አንደኛው ስምምነት ነው፤ እሱ አልፈረመም።

በየኅዳሩ ኮምፒውተሩ ይጠይቀኛል፦ "ይዘጋ?"
አርሊን ጋ እደውላለሁ። ስልኩ ሲጠራ
ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ።
ከበስተጀርባዋ የመጋዝ ድምፅ፣ በላዩ የሰውዬው ጩኸት፦
"እንዲያ አይደለም! በእንጨቱ አቅጣጫ!"
"አይዘጋ" የሚለውን እጫናለሁ።

እኛ ስንመርቅ "ቤትህ አይዘጋ" እንላለን።
ዌይን፣ በማታውቀው ቋንቋ ልመርቅህ፦
ቁጥሬ ይሳሳት፣ ሠንጠረዤ ይፈር፣
ፍራሽህ ያርጅ፣ ወንበርህ አሥሬ ይቀየር፤
ወጪህ ግምቴን አልፎ፣ አለቃዬን ያስቆጣ፤
እኔ ጡረታ ስወጣ
ፋይልህን ለሌላ ሰው፣ ከብዶኝ፣ በሁለት እጄ ላስረክብ።
ፋይልህ አይዘጋ።